በጨጓራ ውስጥ የተቋጠረው ማንጎ

እኔ ደንጋጣ ነኝ። ነርስ ሲቆይ ልቡ ይደነድናል ይባላል፤ የማን ልብ እንደሆነ እንጃ፣ የእኔ አልደነደነም። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ባለ አንድ ምግብ ቤት ሰብሰብ ብለው ሸኙኝ። ኬክ ተቆረጠ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ያለቀሱም ነበሩ። በመሃል አንዲት ወጣት ነርስ ተነስታ፣ «ሲስተር አበራሽ፣ በሥራ ዘመንዎ በጣም ያስደነገጠዎት ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። መቀስ ከእጄ ሲወድቅ እንኳ «ወይኔ!» ብዬ በሽተኛውን የማስበረግግ ሰው መሆኔን ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ተሰነቀረ። «ሌላ ጊዜ» ብያት ተቀመጥኩ። ያ ሌላ ጊዜ ይኸው ዛሬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጨንቻ ነው፤ ደጋው ላይ፣ ጉሙ በመስኮት ዘው የሚልበት ጤና ጣቢያ። እናቴ የዚያ አገር ሰው ስለሆነች ጋሞኛው አልቸገረኝም። አለቃዬ አንድ ቁጡ ጤና መኮንን ነበሩ። ከእሳቸው የተማርኩት ዋናው ነገር በሽተኛ ፊት አለመጮህ ነው፤ እሱንም በቅጡ አልተማርኩትም። ከዚያ አባያ ሐይቅ ዳር ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ተዛወርኩ። ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ መዳፋቸው ውስጥ እንደተሰካ ይመጣሉ። አንድ ቀን አዞ ባቱን የነከሰውን ሰው በቃሬዛ አመጡት፤ ያን ቀን ውሃ የተረጨው እሱ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ዕድገት ቅጽ አላወራም፤ ሁለቱም ሰው ከረሳቸው በኋላ ነው የሚመጡት። በመጨረሻ ከከተማው ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ገባሁ፣ ከዶክተር ታፈሰ ጋርም የተገናኘነው እዚያ ነው።

ዶክተር ታፈሰ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው፤ የሰሜን ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ሆስፒታላችን የጨጓራ ካሜራ፣ ኢንዶስኮፒ የሚሉትን፣ በእርዳታ አግኝቶ ማሽኑ በካርቶኑ እንዳለ አቧራ ሊበላው ነበር። እሳቸው እንደመጡ ካርቶኑን ቀደው አወጡትና እኔን ጠርተው፣ «ሲስተር፣ ይህን ዕቃ እንደ ሕፃን ነው የምታጥቢው» አሉኝ። እውነትም እንደ ሕፃን አጠብኩት። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ውጭውን በሳሙና ውሃ፣ ውስጡን በረጅም ብሩሽ፤ ከዚያ ዓይን በሚያቃጥለው መድኃኒት ዘፍዝፌ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ፣ አየር ነፍቼበት እሰቅለዋለሁ። ውስጡ ቆሻሻ ከቀረ ቱቦው ይደፈናል፤ ከተደፈነ ደግሞ የሚጠግነው ሰው የሚገኘው አዲስ አበባ ነው።

የዶክተር አመል ብዙ ነው። «አይዞህ» አይሉም። ብዙ ሰው ጨካኝ ይመስሉት ነበር። «አይዞህ የሚባለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተባለ ውሸት ሊሆን ይችላል» ይላሉ። ምን እንደሚያም ከመጠየቃቸው በፊት ደግሞ «ጥርስዎን ያሳዩኝ» ይላሉ፣ ቀጥለውም «ጓሮዎ ምን ዛፍ አለ?» ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ካሜራው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ በሽተኛውን «ዋጥ» ይሉታል፤ ያኔ እሳቸውም አብረው ይውጣሉ። ማንቁርታቸው ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል። በሽተኛው በዋጠ ቁጥር እሳቸውም ይውጣሉ፣ ደግሞ አያውቁትም። አንድ ቀን ነገርኳቸው። ደነገጡ፣ አፈሩ፣ ከዚያም እንደ ድሮው ቀጠሉበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋጤ የመጣው በአንዲት የሲቀላ እናት ነው። ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ትጠግባለች፣ ያንኑም ትመልሰዋለች፤ ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ዘመድ ዕጢ ነው ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ካሜራው ገባ፣ ስክሪኑ በራ። ጨጓራዋ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠጉራም፣ እርጥብ ነገር ተኝቷል። ጨጓራው ሲንቀሳቀስ እሱም ገልበጥ አለ።

«እንስሳ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሴትየዋ ቱቦውን በአፏ እንደያዘች ዓይኗ ፈጠጠ። ዶክተር ታፈሰ ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ሲስተር፣ ማንጎ ነው» አሉ።

ማንጎ! እኔ አርባ ምንጭ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ፍሬው እስኪነጣ ድረስ ስመጥ ነው ያደግኩት። ያ ጥርስ መሃል እየገባ የሚያስቸግረን ቃጫ ሆድ ገብቶ እንዲህ ያለ ጉድ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጨጓራ ሥጋውንም እንጀራውንም ይፈጫል፣ ቃጫ ግን አይሸነፍለትም። ደህና ጨጓራ ገፍቶ ወደ ታች ያወርደዋል። ጥርስ የሌለው ሰው፣ ስኳር ያለበት ሰው፣ ወይም ቀድሞ ጨጓራው በቀዶ ሕክምና የተነካ ሰው ከሆነ ግን ቃጫው እዚያው ይቀራል፤ አንዱ ከአንዱ ይጠላለፋል፣ ይቋጠራል፣ በላዩ ሌላ ይጨመርበታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ዶክተር ታፈሰ ማንጎ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ሲጋብዟቸው፣ «አመሰግናለሁ፣ ውስጡን አይቼዋለሁ» ይላሉ።

ድሮ እንዲህ ያለው ነገር ሲገኝ ሆድ ተከፍቶ ነበር የሚወጣው። እሳቸው ግን፣ «ሲስተር፣ ሰው ላኪና ጥቁሩን ለስላሳ በሳጥን አስመጪ» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም። ከእሳቸው ጋር ስሠራ ደርቄ የቀረሁባቸውን ቀናት ብቆጥር ዕድሜዬን ይበልጣሉ። ራሴ ሲቀላ ወርጄ፣ ከጅምላ ነጋዴው ከጋሼ ከድር ሱቅ ገባሁ።

«ሲስተር፣ ማነው የሚሞሸረው?» አሉኝ።

«ጨጓራ» አልኳቸው።

«አላህ ያሳያችሁ!» ብለው ሳጥኑን ባጃጅ ላይ አስጫኑልኝ። ከዚያ በኋላ ከሱቃቸው በር ላይ ባዩኝ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ጨጓራ ይዳራል?» ይሉኝ ነበር።

ዶክተር ታፈሰ ማንንም ከማጠጣታቸው በፊት ይፈትናሉ። ከቋጠሮው ቁንጥር አድርገው ያወጡና ግማሹን ውሃ ባለበት ብርጭቆ፣ ግማሹን ለስላሳ ባለበት ብርጭቆ ከትተው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል። በማግስቱ ውሃ ውስጥ ያለው እንደነበረ ነው፤ ለስላሳው ውስጥ ያለው ግን እንደበሰለ ጎመን በጣት ይፈርሳል። አንዲት ተማሪ የራሷን ፀጉር እየነጨች ስትውጥ ኖራ መጥታ ነበር። ያንንም ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት፤ ፀጉር ሆኖ ዋለ፣ ፀጉር ሆኖ አደረ። «ይህ የእኛ አይደለም» ብለው ያለ አንዳች ክርክር ወደ ቀዶ ሐኪሙ ላኳት። ዳነች።

ሥራው ትዕግሥት ነው። በሽተኛው በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ጉሮሮውን በሚመር መድኃኒት እናደነዝዛለን፣ ቱቦውን እንዳይነክስ የፕላስቲክ ቀለበት ጥርሱ መሃል እናስገባለን። ለስላሳውን በመርፌ ቱቦ ስቤ በካሜራው ቀዳዳ ስገፋው እሳቸው ጫፉን ቋጠሮው ሆድ ውስጥ ሰክተው ይጠብቃሉ፤ አረፋ ይደፍቃል፣ ይፈላል፣ መሃሉ ይላላል። ቀሪውን በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ቀስ እያልን እናወርዳለን። ሲለሰልስ ቀጭን የሽቦ ቀለበት ያስገቡና ቋጠሮውን ጠልፈው ያጠብቁታል፤ ዳቦ በክር እንደሚቆረጥ ይቆረጣል። የቆረጡትን ደግመው ይቆርጡታል። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ከባቄላ የሚበልጥ ቁራጭ ወደ ታች አይለቀቅም፣ የሚበልጠው ተይዞ በአፍ ይወጣል። በዚህ መንገድ ስንቱን ቢላ ሳይነካው ወደ ቤቱ ሰደድነው። ሰዉም «የለስላሳው ሐኪም» ይላቸው ጀመር።

አባባ ሻንካ የመጡት ያኔ ነው፣ ስማችን በገነነበት ሰሞን። የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ናቸው፤ ቤታቸው ሸንተረሩ ላይ፣ ማሳቸውና የማንጎ ዛፋቸው ታች አባያ በኩል። ልጃቸው ዘነበች ሴት ሕፃኗን አዝላ፣ አባቷን በክንዳቸው ደግፋ ገባች። ሽማግሌው ደረቅ ቀልደኛ ናቸው።

«ጥርስዎን ያሳዩኝ፣ አባባ» አሉ ዶክተር ታፈሰ።

አባባ ሻንካ ባዶ ድዳቸውን ገልጠው ሳቁ። «ጥርስ የለም። ማንጎ ጥርስ አይፈልግም።»

«ጓሮዎ ምን ዛፍ አለ?»

«ማንጎ ነዋ! በእጄ የተከልኩት።»

ዶክተር ወደ እኔ ዞር አሉ። ካሜራው ሳይገባ አወቅነው። ሸሚዛቸውን ስንገልጥ ግን ክው አልኩ፤ ከደረታቸው ሥር እስከ እምብርታቸው ገመድ የመሰለ ጠባሳ ወርዷል። በጎልማሳነታቸው ጨጓራቸው ቆስሎ ተቀደው ነበር፤ የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ጨጓራውን ከአንጀቱ ጋር በአዲስ በር አገናኝተውታል። ቀዶ ሐኪማችን ጠባሳውን ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። «ውስጡ ሁሉ ተጣብቋል። ይህን ሆድ ድጋሚ ብከፍት ሰውየውን መልሼ ማስነሳቴን እንጃ» አለ።

አባባ ሻንካ ሰምተዋል። የዶክተር ታፈሰን እጅ ያዙ። «አንዴ ተከፍቻለሁ። ሞቼ ነው የተመለስኩት። ሁለተኛ እንዳይከፍቱኝ፣ ዶክተር።»

«ሳይከፈቱ እንዲወጣ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ» አሉ ዶክተር ታፈሰ። አይዞዎት አላሉም።

ለስላሳው ተጀመረ። አባባ ሻንካ በአፍንጫቸው ቱቦ ሲወርድላቸው፣ «ሆዴ ሠርግ ቤት ሆነ» እያሉ አስታማሚውን ሁሉ ያስቁ ነበር። ቋጠሮው እንደ ጡጫ ነው፤ ቀን በቀን ላላ፣ ተቆረጠ፣ ተለቀመ። በመጨረሻው ቀን ካሜራው ሲገባ ጨጓራው ጥርግ ብሎ ጸድቷል። ዶክተር ታፈሰ ቱቦውን አወጡ፣ ጓንታቸውን አወለቁ፣ የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «አይዞዎት፣ አባባ» አሉ። ከአፋቸው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታዬ ልክ አጣ፣ አባባ ሻንካን ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ።

በማግስቱ ኦቾሎ ወረደ። ዳኑ ሲባል ሰምቶ የማይመጣ ዘመድ የለም፤ በአይሱዙ ተጭነው መጥተው ክፍሉን ሞሉት። እኔ በሌለሁበት፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ከቅርጫቱ ያ ጦሰኛ ማንጎ ወጣ፣ ከራሳቸው ዛፍ የተቀጠፈ። ዘነበች፣ «ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ ነው የተባለው» አለች። የአባቷ እህት ተቆጡ፤ «በእጁ የተከለውን ሳይቀምስ ነው የሚድነው? ይህን ያህል ሰው መጥቶ አፉን ዘግቶ ይቀበለን?» ዘነበች አባቷን አየች። አባቷ ማንጎውን እያዩ ነበር። በስሱ ቆረጠች፣ «በሞቴ» ብላ አጎረሰቻቸው። ዋጡና መረቋት።

ሲነጋ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ራጁ አንጀታቸው መዘጋቱን አሳየ። ሆዳቸውን ለማቅለል ቱቦ በአፍንጫቸው ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ስስበው ቢጫ ማንጎ በሳህኑ ላይ ወጣ። በሩ ላይ የቆመችው ዘነበች አየችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አክስትየው ደግሞ ትናንት ያሉትን ረስተው፣ «አባትሽን በእጅሽ ገደልሽው!» ብለው ጮሁ።

ወደ ቀዶ ክፍል ስንገፋቸው አባባ ሻንካ የዶክተር ታፈሰን ጋዋን ያዙ።

«ልትከፍቱኝ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጋዋኑን ለቀቁት። ያ እጅ ሲለቅ ያየሁት ነገር ነው ጉሮሮዬ ላይ የሚሰነቀረው። ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ወጡ፣ ግን አላገገሙም። ከቀናት በኋላ አረፉ።

አንጀታቸውን የዘጋውን ነገር ቀዶ ሐኪሙ በሳህን ላይ አስቀምጦት ነበር። ሽማግሌው ባረፉ ዕለት ዶክተር ታፈሰ ወደ መታጠቢያው ወሰዱት፣ ቧንቧ ከፈቱበት፣ በመቆንጠጫ ቃጫ በቃጫ ፈቱት። አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እንቁላል የሚያህል ነው፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አሮጌ። አንዲት ቢጫ ቃጫ አልነበረበትም። ዘነበች ያጎረሰችው ገና ከላይ፣ ጨጓራ ውስጥ ነበር፤ በእኔ ቱቦ ነው የወጣው። ይህኛው እኛ ከቆረጥነው አምልጦ ጥግ የተደበቀ ቁራጭ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የጨጓራው ጠባብ መውጫ ያስቀረው ነበር፤ አባባ ሻንካ ግን ድሮ በቀዶ የተሠራላቸው ሰፊ በር ነበራቸው፣ ቁራጩ በዚያ አልፎ ወርዶ ጠባቡ አንጀት ላይ ተወተፈ።

ዶክተር ታፈሰ ቧንቧውን ሳይዘጉ ቆመው ቀሩ። «ሲስተር፣ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ቀድሞ ጨጓራው የተነካ ሰው ሲመጣ ቅንጣት እንኳ ወደ ታች አይለቁም፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም ሁሉንም በአፍ ያወጡታል።

ያን ቀን ከመታጠቢያው ወጥተው ለዘነበች ነገሯት። እሷ መሬት መሬት እያየች፣ «ለእኔ ብለህ ነው እንዲህ የምትለው፣ ዶክተር። እግዜር ይስጥህ» አለች። እጇን በነጠላዋ ጠቅልላዋለች። አስከሬኑን ይዘው ወጡ።

ከሳምንታት በኋላ ሲቀላ ገበያ ላይ አንዲት የኦቾሎ ሴት አገኘሁ። ስለ ዘነበች ጠየቅኳት። «እሷማ ጎሜ ነክቷታል» አለችኝ። ጎሜ ጋሞዎች የተከለከለውን የጣሰ ሰው ላይ የሚወርድ ጣጣ የሚሉት ነው። «ሊጥ አትነካም። ለልጇ ጡት ብቻ ነው የምትሰጣት፤ በእጇ ምግብ አታጎርሳትም፣ የወንድሟ ሚስት ናት የምታበላት። እጄ ይገድላል ትላለች። ሰዉም ከእጇ አይቀበልም፤ ዛፉንም ሊቆርጡት ነው።»

ሽንኩርቴን ጥዬ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ዶክተር ታፈሰ ሲሰሙ ቀለማቸው ተለወጠ። «የራሷን ልጅ?» አሉ። ደጋግመው «የራሷን ልጅ?» አሉ። ቀጥ ብለው ወደ አለቃችን ቢሮ ገቡ፣ እኔም ተከትዬ።

አለቃችን ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ፈራ። «ዶክተር፣ ራስዎን ሊያስከስሱ ነው? እኮ ማንም አልከሰሰዎትም!»

«ለዚህ ነው የምሄደው» አሉ ዶክተር ታፈሰ። «የተከሰሰችው እሷ ናት።»

እኔና ዶክተር እስከ ኦቾሎ ተራራ ግርጌ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ለሽማግሎቹ አስቀድመን ልከን ስለነበር ዱቡሻው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን፤ ዱቡሻ ድንጋይ ክብ ሆኖ የተደረደረበት ሸንጎአቸው ነው። ሴት መሃል አትገባም። ዶክተር ጋሞኛ ስለማይችሉ ግን የእኔን አፍ ይፈልጋሉ። ዋናው ሽማግሌ አየት አደረጉኝና፣ «ምላሱ ስለሆነች ትግባ» አሉ። ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ዘነበች ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው። ሕፃኗ የወንድሟ ሚስት ጭን ላይ ናት።

«ማንም አልጠራህም» አሉ ሽማግሌው። «ለምን መጣህ?»

«አባባ ሻንካን የገደለው የልጃቸው ማንጎ አይደለም» አሉ ዶክተር ታፈሰ። «ከእጄ ያመለጠ ቁራጭ ነው። ሳላጣራ አይዞዎት ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ይህን ወደ ጋሞኛ ስመልሰው «እኔ ነኝ» የሚለው ከእኔ አፍ ወጣ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ሳልቀንስ ጨረስኩት። ቢጫው ከላይ እንደወጣ፣ ጥቁሩ ከታች እንደተገኘ፣ ሁሉንም በዓይኔ እንዳየሁ የራሴን ጨመርኩበት።

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ዋናው ሽማግሌ፣ «ደግ ሰው ሰውን ሊያጽናና ይዋሻል» አሉ። «አንተ ደግ ነህ ይባላል። በምን እንመንህ?»

ዶክተር ታፈሰ የሚያሳዩት ነገር የለም፤ ቃላቸው ብቻ ነው። አንገታቸውን ደፉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አልቋል፣ መመለሳችን ነው፣ ዘነበችም እንደዚያው ልትኖር ነው አልኩ በልቤ።

ሽማግሌው አንድ ሰው ላኩ። ሰውየው ማንጎ ይዞ ተመለሰ፣ ከዚያው ዛፍ፣ የወቅቱን መጨረሻ። «የእሷ ማንጎ ንጹሕ ነው ካልክ ብላ» አሉ። «ከእሷ እጅ።»

ወደ ዶክተር ታፈሰ ጎንበስ ብዬ፣ «ዶክተር፣ ማንጎ ብላ ነው የሚሉዎት። እሷ ታጉርስዎት ነው የሚሉት» አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ያን ሁሉ ዘመን ማንጎ በአፋቸው ያልዞረ ሰው ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ረጅም ቁመታቸውን አጠፉ፣ አፋቸውንም ከፈቱ፣ ልክ እንደ በሽተኞቻቸው።

ዘነበችን አስነሷት። እጇን ከነጠላዋ ለማውጣት ዘመን ፈጀባት። ልጣጩን ስትልጥ ጭማቂው በክንዷ ወረደ። ቆረጠች፣ እጇን ዘረጋች፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ዶክተር ታፈሰ አፋቸውን እንደከፈቱ ጠበቁ። ከዚያ በጋሞኛ አንድ ቃል አለች፣ ለአባቷ ያለችውን ቃል። አልተረጎምኩትም። አጎረሰቻቸው።

አኘኩ፣ ለረጅም ጊዜ አኘኩ። ቃጫው ሲታገላቸው ይታያል። ሁሉም ሰው ጉሮሯቸውን ነው የሚያየው። ማንቁርታቸው ከፍ አለ፣ ወረደ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ዛፉ አይቆረጥም» አሉ።

ያኔ ሕፃኗ ማንጎውን አይታ አለቀሰች። ከዘነበች ወንድም ሚስት ጭን ላይ ሆና ትንሽ እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች። ዘነበች የራሷን እጅ አየችው፣ እየተንጠባጠበ ነው። ዶክተር ታፈሰን አየች፤ ደህና ተቀምጠዋል። ከማንጎው ትንሽ ቆረጠች፣ ከባቄላ ያነሰች፣ ወደ ልጇ ሄደች፣ ተንበረከከችና አፏ ውስጥ አደረገችላት።

ሕፃኗ ዋጠች። ወደ ዶክተር ታፈሰ ዞርኩ፤ ማንቁርታቸው አብሯት ከፍ ብሎ ወረደ። ያን ጊዜ ነው የሽማግሎቹንም ጉሮሮ ሲወርድ ያየሁት፣ የሴቶቹንም። የእኔም ወርዷል።